ከእማዬ እግር ሥር የነበረው ውሃ

ውሃው የት ነው የሚገባው? ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበረም። አባዬ ጠዋት ጠዋት የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ ራዲያተሩን እስከ አፉ ይሞላል፤ ከሰዓት ሲመለስ ጎድሏል። መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለችም። ሞተሩ ሥር ጋዜጣ አንጥፎ አሳደረ፤ ጋዜጣው እንደ ደረቀ አደረ። "የድሬ ፀሐይ ነው የሚጠጣው" አለና ምርመራውን ዘጋው። የኔ አባት እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ይጥላል። ኧረ ፀሐይ የተዘጋ ራዲያተር ውስጥ በየት በኩል ገብታ ትጠጣለች ብለው፣ "አንቺ ደግሞ ትምህርት አበዛሽ" ይለኛል።

መኪናዋ ከአንድ የአዲስ አበባ ሰው የገዛት አሮጌ የፈረንሳይ ስሪት ነበረች። ከተማ ውስጥ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ውሃ እየጠጣችም ቢሆን ትሄዳለች። እኔን ያሳበደኝ ግን የደንገጎ ዳገት ነበር። ታናሽ ወንድሜን ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰደው ወዲህ ድምፁን ሰምተን አናውቅም። በመጨረሻ በአንድ ሹፌር መልእክት ላከ፤ ሐረር ካምፕ ነው ያለው፣ ቅዳሜ ጠያቂ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ይወስዷቸዋል። ሰሜን ማለት ጦርነቱ ማለት ነው። ቅዳሜን ካጣናት ልጁን አጣነው ማለት ነበር። ሐረር ለመግባት ደግሞ ደንገጎን መውጣት ግድ ነው።

"በአውቶቡስ እንሂድ" አልኩ።

"መኪና እያለኝ ለአውቶቡስ ልጋፋ?" አለ አባዬ።

ቢያንስ ይታይ ብዬ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ መካኒክ ጋ ጎትቼ ወሰድኩት። መካኒኩ ገና ኮፈኑን ሳይከፍት በሽታውን ያወቀ ዓይነት ሰው ነው። "አቦ፣ አንተ አታስብ! ቴስታው ነው። ወላሂ፣ ቴስታው ነው! ውሃው ከላይ በሞተሩ ክዳን በኩል ወደ ውስጥ እየገባ ይቃጠላል" አለ። አባዬ ሸዋ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ድሬ ኖሮም "አንተ" ሲሉት ፊቱ ይለዋወጣል። የዘይት መለኪያውን መዝዘን አየን፤ ውሃ የገባበት ዘይት ወተት ይመስላል ይባላል፣ የኛ ጥቁር ነው። ከኋላ ነጭ ጭስ አለ ወይ ብለን አየን፤ የለም። ሰውዬው ግን ወይ ፍንክች። "ቴስታው ይፈታ" አለ። መቼ ይገጠማል ሲባል፣ "ኢንሻላህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት።" አባዬ ቁልፉን መንጭቆ ወጣ። ያኔ እንኳ የተናደደው በቴስታው ይሁን በአንተታው አላውቅም።

በዚህ ሁሉ ላይ ሌላ ጭቅጭቅ ነበረብን፤ የምንጣፉ። አባዬ ከሥራ ሲወጣ በገበያ በኩል ያልፍና ጫቱን ይዞ ይመጣል። ድሬ ሙቀት ነው፤ ጫት በእርጥብ ጆንያ ካልተጠቀለለ የመቃሚያው ሰዓት፣ በርጫው፣ ሳይደርስ ይጠወልጋል። ያንን የሚንጠባጠብ ጆንያ ከፊት ወንበር ሥር፣ ልክ የእማዬ እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይጥለዋል። ምንጣፉ በሰበሰ፣ ሸተተ፣ የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። እማዬ እሁድ ለቅዳሴ በተሳፈረች ቁጥር ጠብ ነው። "የጫትህ ውሃ ነጭ ጫማዬን ጨረሰው!" ትለዋለች። በኋላ በኋላ "ኧረ በእመቤቴ፣ ጆንያውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው የማስቀምጠው!" ብሎ ይምል ጀመር። ማን ይመነው? እኔም አላመንኩትም፣ እማዬም አላመነችም። ፀሐይ ውሃ ትጠጣለች የሚል ሰው ምኑ ይታመናል!

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። እማዬ ዶሮ ወጡን ሳፋ ውስጥ ከትታ፣ ሳምቡሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ጄሪካን ታቅፌያለሁ። ዳገቱን ስንጀምር የሙቀት መለኪያው ቀስት ይወጣ ጀመር። "አባዬ፣ ቁም!" እላለሁ። "ትወጣዋለች" ይላል። "ኧረ በናትህ ቁም!" "ትወጣዋለች አልኩሽ!" ግማሹን ወጣችው። ከዚያ ኮፈኑ ሥር ፉጨት ተሰማ፣ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው፣ ቆመች።

እስኪበርድ ድረስ መንገድ ዳር ተገተርን። ከላይ፣ ከሐረር በኩል፣ ሸራ የለበሱ የወታደር ካሚዮኖች ተከታትለው ወረዱ። ውስጥ የተጫኑት ልጆች ይዘፍናሉ። አቧራው ዓይናችንን አጠፋው፤ አባዬም እኔም በአንድ ቃል ረገምናቸው። እማዬ ብቻ ከመኪናው አልወረደችም። "ውረጂ እንጂ፣ እንፋሎት ውስጥ ምን ያስቀምጥሻል?" ብላት "ደኅና ነኝ" ትላለች። ደሜ ፈላ። በሩን በርግጄ ከፈትኩት።

ውሃው ከምንጣፉ ላይ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነው፣ ቀይ ነው። እማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ዛገማ ውሃ ውስጥ ተቀምጣለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብዬ ጮህኩባት።

"ዳገቱን ስንጀምር።"

"ታዲያ ምን ዝም ያሰኝሻል?"

"መኪናው ተበላሸ ብላችሁ ትመለሳላችሁ ብዬ ነዋ!" አለችና አለቀሰች።

ዞር ብዬ አባዬን አየሁት። "ዛሬ ጫት የለም እኮ" አልኩት። አባዬ ውሃውን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ከዚያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ካሎሪፌሩ!" አለ። ካሎሪፌር ማለት የሞተሩን ትኩስ ውሃ እየተቀበለ ሰው ወዳለበት ሙቀት የሚነፋ ዕቃ ነው፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ተደብቆ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ለብርዱ ይጠቅማል። ድሬ ላይ ግን ማን ማሞቂያ ይከፍታል? መኖሩን ከነአካቴው ረስተነዋል፤ ቴስታው ነው ያለውም ሰውዬ ረስቶታል። ለካ ያ ዕቃ ተበስቶ ኖሯል። የጠፋው ውሃ ይኸው ዓይናችን ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቶ፣ እኛ በጫት እንጨቃጨቃለን። እግዜር ያሳያችሁ!

አባዬ ሁለቱን የካሎሪፌር ቱቦዎች ነቀለና፣ አንዱን ከሞተሩ ወጥቶ እዚያው ሞተሩ ላይ እንዲመለስ አጥፎ በሽቦ አሰረው። ጄሪካኑን ገለበጥን። መኪናዋ ደንገጎን እንደ አዲስ ወጣችው። ለካ ይህ ብቻ ነበር፤ ያስቆጫል!

ካምፑ በር ላይ ጠባቂው፣ "ምልምሎቹ? ጠዋት ወደ ድሬ ወርደዋል፣ ለባቡር" አለን። እነዚያ ካሚዮኖች ነበሩ። እያዘፈኑ ባጠገባችን ያሳለፉት የኛን ልጅ ነበር፣ የረገምነውም እሱን።

አባዬ ያን ቀን ቁልቁለቱን እንዴት እንደነዳው አልነግራችሁም። ጣቢያው ስንደርስ ባቡሩ አልተንቀሳቀሰም። ወታደሮቹ ሕዝቡን ይገፋሉ፣ እናቶች ይጮኻሉ። እኔ በክርኔ እየደቃሁ መንገድ ከፈትኩ። ወንድሜ ፀጉሩ ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ከፉርጎው በር ላይ አጎንብሶ ተመለከተን። ሳፋውን ተቀበለ። ከዚያ ዓይኑ የእማዬ ነጭ ጫማ ላይ ወረደና ደነገጠ።

"እማዬ፣ እግርሽ ደማ እንዴ?"

"ኧረ የመኪናው ውሃ ነው፣ ልጄ" አለች እማዬ።

አባዬ ልጁ እንዳይሰጋ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ራዲያተሩን፣ ጋዜጣውን፣ ቴስታ ነው ያለውን መካኒክ፣ ጆንያውን ወደ ኋላ ማዛወሩን፣ ካሎሪፌሩን። "አባዬ፣ ተወው!" እለዋለሁ፤ አይሰማም። ወንድሜ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። አባዬ ከጎኑ እየሮጠ፣ "በሽቦ ነው ያሰርኩት፣ ጠብ አላለም!" ይላል።

"ጎበዝ፣ አባዬ" አለው ወንድሜ።

አልተመለሰም። መኪናዋም ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን ውሃ ጎድሏት አያውቅም።