የጉድጓዱ አፍ ላይ የበቀለው ገብስ

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ የምፈራው ዝናብን ነበር። ሌሎች ልጆች ጅብ ይፈራሉ፣ ነጎድጓድ ይፈራሉ፤ እኔ ግን ከአንድ ክፉ ዓመት ወዲህ፣ በየግንቦቱ የመጀመሪያዋ ጠብታ አፈሩን ስትመታ ወደ ጓሮ ሮጬ መሬቱን አይ ነበር። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም። አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የምማረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ እስከ ዛሬ ከደብዳቤ በቀር የጻፍሁት ነገር የለም። ያቺን ዓመት ግን አንድ ቦታ ካላሳረፍኋት የምትለቀኝ አይመስለኝም።

ጊዜው ጣሊያን አገራችንን የያዘበት ነው። አባቴ ጠመንጃውን አንግቶ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። መንደራችን ከደብረ ወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ ይርቃል፤ በቤታችን የቀረነው እናቴ፣ ሦስት ዓመት የሆነው ወንድሜ ደሴ፣ እኔና እማሆይ ጥሩዬ ነበርን። እማሆይ ጥሩዬ የአያቴ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞት መንኩሰው እኛ ዘንድ ይኖሩ ነበር። በልጅነታቸው ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበትን፣ ሽማግሌዎች «ክፉ ቀን» የሚሉትን ረሃብ አይተዋል፤ ከሰባት ወንድምና እህት የተረፉት እሳቸውና አያቴ ብቻ ናቸው።

ከዚያ ይመስለኛል፣ በእማሆይ ዘንድ የሚጣል ነገር አልነበረም። መሬት ላይ የወደቀች የእህል ፍሬ ካዩ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ ይሉና፣ አንስተው አቧራዋን እፍ ብለው ወደ ቁናው ይመልሷታል። እኛ ያፈሰስን እንደሆነ ደግሞ ድምፃቸው ይለወጣል። «ልቀሚ! ለዚህች ለአንዷ ፍሬ የሞተ ሰው አለ» ይሉኛል፤ እኔም የመጨረሻዋን እስካገኝ ድረስ በጉልበቴ እየዳኽሁ፣ ዓይኔ እንባ እየሞላ እለቅማለሁ። ደሴ እንኳ በዚያ ዕድሜው ባቄላ ከእጁ ሲወድቅ ባቄላውን ሳይሆን እማሆይን ነበር ቀና ብሎ የሚያይ።

ያኔ ራት ከተበላ በኋላ እማሆይ ጧፉን እፍ ብለው ያጠፉታል። «ተረት በጆሮ ነው የሚገባ፤ ለጆሮ ደግሞ መብራት አያስፈልገውም» ይላሉ። ፍሙን በአመድ መዳፈን የሳቸው ሥራ ነበር፤ ነገ እሳት ፍለጋ ጎረቤት መሄድን እንደ ውርደት ይቆጥሩት ነበርና። አመዱን ከላይ እየበተኑ፣ ፍሙ አንድ በአንድ ዓይኑን እየጨፈነ፣ የጭሱ ሽታ በጨለማው ውስጥ እየቀረ፣ ያን ተረት ያወሩልናል። ብዙ ተረት ያውቁ ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን የሚመላለሱባት አንዲቷ ነበረች።

«አንድ ቆጣቢ ሰው ነበር» ይላሉ። «ሁለት ጉድጓድ እህል ነበረው። አንደኛውን አገር ያውቀዋል። ሁለተኛውን ግን ለሚስቱም ለልጆቹም አልነገረም፤ ‹የሰው አፍ ወንፊት ነው› እያለ። ቀን ከፋና የፊተኛው ጉድጓድ አለቀ። ሰውዬው እህል ፍለጋ እንደወጣ መንገድ ላይ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ ደጃፍ ተቀምጠው ፀሐይ እየሞቁ፣ አንድ በአንድ አለቁ። ከስንት ዓመት በኋላ መሬቱን የወሰደ ገበሬ ሲያርስ የበሬው እግር ሰመጠ፤ ቢቆፍር እህል። ጉድጓዱ የነበረው እዚያው ደጃፉ ላይ ነው፤ ልጆቹ ከተቀመጡበት ሥር።»

ተረቷ እዚህ ላይ ታልቃለች። እኔ ደግሞ በጨለማው ውስጥ እግሬን ሰብስቤ፣ ልጆቹ አባታቸውን ለምን እንዳልጠየቁት አስብ ነበር። እሳቸውን ግን አልጠየቅኋቸውም።

በመጋቢት ወር፣ ወታደሮች ለጫካ ሰው ስንቅ ታቀብላላችሁ እያሉ የየመንደሩን እህል መበርበር ጀመሩ ተባለ። እማሆይና እናቴ ከጓሯችን ጉድጓድ ቆፈሩ። አዲስ አፈር እንዳይታይ የወጣውን ሁሉ በቅርጫት እየሞላን ገደል ስንደፋ ሰነበትን። ውስጡን እርጥበቱ እንዲለቅ በገለባ እሳት አደረቁት፣ ዙሪያውን ጭድ አለበሱት። ያን ጊዜ ነው እማሆይ ጠርተው ከጉድጓዱ አጠገብ ያቆሙኝ።

«የሺ፣ ምስጢር እንደ ድስት ነው፤ በሁለት ጉልቻ አይቆምም። እኔ ዛሬ ነገ የምሞት አሮጊት ነኝ። እናትሽን በአባትሽ ሰበብ ሊወስዷት ይችላሉ። ሦስተኛዋ ጉልቻ አንቺ ነሽ። ገባሽ?»

«ገባኝ እማሆይ» አልሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቴ ውስጥ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

እህሉን ያስገባነው በገበያ ዕለት፣ መንደሩ ሁሉ በወጣበት ሰዓት ነው። ጤፉና ገብሱ የዓመት ቀለባችንም ዘራችንም ነበር። ጎታው ውስጥ ግን ጥቂት ገብስ ተውን፤ እማሆይ «ባዶ ጎታ ያሳብቃል» ስላሉ። እኔ በቁና እየሞላሁ አመላልስ ነበር። በመጨረሻ እሳቸውና እናቴ ለክዳን የተዘጋጀውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ለማምጣት ወደ በረቱ ሲሄዱ፣ እኔ የያዝሁትን ገብስ ይዤ ስሮጥ አፋፉ ላይ ተደናቀፍሁና ሙሉ ቁናው ተደፋ። ፍሬው በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ እንደ ጠጠር ተበተነ።

መጮህ ነበረብኝ። መልቀም ነበረብኝ። የድንጋዩን ክብደት እየተሸከሙ ሲመጡ የእማሆይን ትንፋሽ ሰማሁና ድምፃቸው እንዴት እንደሚለወጥ ታወሰኝ። በእግሬ አፈር አለበስሁት። እነሱ ድንጋዩን ገጠሙ፣ በጭቃና በእበት መረጉት፣ ከላይ አፈር በትነው ረገጡት። እማሆይ ዙሪያውን አይተው «አሁን እግዜርና ሦስት ሴት ብቻ ያውቁታል» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ሚያዝያ ደረቅ ሆኖ አለፈ። እኔም ረሳሁት። ግንቦት ሲገባ ሦስት ቀን ዘነበ፤ በአምስተኛው ቀን ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጓሯችን ውስጥ አረንጓዴ ቀለበት ተቀምጦ አየሁ። ክብ ነው። ሰው በጣቱ የሣለው ይመስል የጉድጓዱን አፍ ዙሪያውን ይዞታል።

እንስራዬን አስቀምጬ ነቀልሁት። በማግሥቱ ደግሞ በቀለ። ሰው ዘወር ሲል ጠብቄ እነቅላለሁ፣ የነቀልሁትን ለጥጃው እሰጣለሁ፤ ሥሩ እየተበጠሰ ይቀራል፣ ያልበቀለው ይበቅላል። በነቀልሁት መጠን ደግሞ አፈሩ እየተጫረ አዲስ የተቆፈረ መሰለ። በዚያው ሳምንት ከወንዝ ማዶ ያለ የአንድ ሰው ጉድጓድ መገኘቱ ተሰማ። ዝናቡ አፈሩን አስምጦት ነው አሉ። እህሉን በበቅሎ ጫኑት፣ ቤቱን አቃጠሉት፣ ሰውዬውን እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። እናቴ ይህን ስትሰማ ደሴን አንስታ ያለ ምክንያት አቀፈችው።  ማታ ማታ እማሆይ ያቺን ተረት ሲጀምሩ ጆሮዬን በነጠላዬ እሸፍን ነበር። ልናገር እላለሁ፤ «እማሆይ» ብዬ እጠራቸዋለሁ፤ «አቤት» ሲሉኝ «ምንም» እላለሁ።

አንድ ቀን በእኩለ ቀን ተንበርክኬ ስነቅል ጥላ አረፈብኝ። ቀና ብል እማሆይ ናቸው። እጄን ያዙና ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ አዩ፤ ከዚያ ቀለበቱን አዩ። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። የሰማሁት ግን እሳቸው መሬት ላይ ቁጭ ሲሉ ነው።

«መቼ ነው የተደፋው?»

«ድንጋዩን ልታመጡ ስትሄዱ።»

«እስከ ዛሬ ብቻሽን?» አሉኝ።  መልሴንም ሳይጠብቁ እናቴን ጠሩ።

እናቴ ፊቷ አመድ መሰለ። «ቶሎ በዶማ እንገልብጠው!» አለች።

«አዲስ አፈር በጓሮ መካከል? ‹እዚህ ነው› ብለሽ በትር ትተክያለሽ እንዴ?»

«ታዲያ ምን ይሁን እማሆይ? ነገ ቢመጡስ?»

እማሆይ ጓሮውን ከዳር እስከ ዳር ተመለከቱ። «ጓሮውን በሙሉ እንቆፍረዋለን። የጎታውን ገብስ እንዘራበታለን» አሉ።

«የጎታውን? ልጆቹ ምን ሊበሉ?»

«ጎመን።»

«እማሆይ፣ ዝናብ ገና ሳይጠና...»

«እኔ ከጎመን የባሰ በልቼ አድጌአለሁ። አንዷን ሣር ከሣር መካከል ማን ይለያታል? ዶማውን አምጪ።»

በሁለት ቀን ጓሮውን ቆፍረን ዘራነው። ጎታው ውስጥ የቀረው ከወለሉ አንድ ጣት አይበልጥም። አዲሱ ገብስ ብቅ ሲል የእኔው ቀለበት ከሌላው በአንድ ስንዝር በልጦ ይታይ ነበር፤ እማሆይ ጥጃውን በአጭር ገመድ እዚያው ላይ አሰሩትና እኩል እስኪሆን አስጋጡት። እኔ በየጠዋቱ ገና ሳልታጠብ ወጥቼ አየው ነበር። ለእኔ ሁልጊዜ ክብ ነው። ዛሬም ዓይኔን ብጨፍን ክብ ነው።

ወታደሮቹ በሰኔ መጀመሪያ መጡ። አንድ ነጭ በበቅሎ ላይ ሆኖ ከደጅ ቀረ፤ የገቡት የአገራችን ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ጫፉ ብረት የሆነ ረጅም ዘንግ ይዟል።

«እንደምን ዋሉ እማሆይ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

«የማንም ልሁን። እህሉ የታል?»

«ጎታው ያውልህ። አንኳኳው፣ እሱው ይነግርሃል።»

አንኳኳው። ባዶ ድምፅ ሰጠ። አንገቱን አስገብቶ አየና «ይቺን ነው አራት ሆናችሁ የምትበሉ?» አለ።

«መብላትስ እናንተ ትበላላችሁ፤ እኛ እንቀምሳለን» አሉት። ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ፤ አለቃው ገላመጠው።

በዘንጉ የአልጋውን ሥር ወጋ፣ የበረቱን ፍግ ወጋ፣ የአመዱን ቁልል ወጋ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። ገብሱን እየረገጠ፣ በየሁለት እርምጃው ዘንጉን አፈር ውስጥ እየሰደደ ሄደ። ብረቱ ድንጋዩን ቢነካ እንደሚጮህ አውቅ ነበር። እናቴ ደሴን አቅፋ ግድግዳውን ተደግፋለች። እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እኔ ብቻ ነኝ ማየት የሌለብኝን ቦታ የማይ፤ ዓይኔን ባዞረው አልዞር አለኝ። ሰውዬው ከድንጋዩ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ድንገት ቆመና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ! ምን ታያለሽ?»

«ገብሱን።»

«ማን ነው የዘራው? ወንድ የለ፣ በሬ የለ።»

 ውሸት ቢያስተምሩኝም ኖሮ በዚያች ሰዓት አንድም አላስታውስም ነበር። «እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ ነኝ የዘራሁት። እየረገጡት ነው።» ከዚያም እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ያለቀስሁት በፍርሃት ነበር፤ እሱ ግን ለገብሱ መሰለው።

ወደ እግሩ ተመለከተ። እጄን አየ፤ ቁፋሮው መዳፌን ልጦት ነበር። «እዩልኝ እንግዲህ» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ወንዱ ሸፍቶ ሴቱ ገበሬ ሆኗል!» ደጅ ያለው ነጭ ተቆጥቶ ሲጣራ ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወጣ። የጎታውን ትርፍራፊና ሁለት ዶሮ ይዘው ሄዱ። እማሆይ የበቅሎው ኮቴ እስኪጠፋ ቆሙ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው የተረገጠውን ገብስ ቀና ያደርጉ ጀመር።

ድነናል ብዬ ነበር። የከፋው ግን ከዚያ በኋላ መጣ። ወታደሮቹ ከመንደሩ በላይ ካለው ኮረብታ ሰፈሩ፤ ጓሯችን ከዚያ ሆኖ እንደ መዳፍ ይታያል። እማሆይ «በሌሊት እንኳ ብንከፍተው የተገለበጠው አፈር ጠዋት ይታያል» ብለው ጉድጓዱን መክፈት ከለከሉ። ሐምሌን በጎመን፣ ነሐሴን በሥራ ሥርና ጎረቤት በሚያካፍለን እፍኝ ባቄላ ገፋነው። ደሴ ማልቀስ ደክሞት ያንቀላፋ ነበር። እናቴ አንድ ቀን ዶማውን አንስታ እስከ ጓሮው በር ሄዳ ተመለሰች። ልክ እንደ ተረቱ ልጆች እህላችን ላይ ተቀምጠን ተራብን፤ ልዩነቱ እኛ ማወቃችን ብቻ ነበር። ማወቁ ይሻል ወይም ይብስ እንደሆነ እስካሁን አልቆረጥሁም። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የጓሮው ገብስ እሸት ያዘ። እማሆይ የመጀመሪያዋን ዛላ በፍም ለብለብ አድርገው፣ በመዳፋቸው አሽተው፣ ገለባውን እፍ ብለው ለደሴ ሰጡት። ሁለተኛዋን ለእኔ።

ጉድጓዱን የከፈትነው የወታደሮቹ ሰፈር ከተነሣ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። የታፈነ አየር ሰው ይገድላልና፣ እማሆይ አንድ ሙሉ ቀን ክፍቱን አሳድረው፣ የበራ ጧፍ በገመድ አውርደው አለመጥፋቱን ካዩ በኋላ ብቻ እናቴ እንድትወርድ ፈቀዱላት። ከዳር ዳር ያለው እህል ጠቁሮ ነበር። መሐሉ ደህና ነው።

ያን ዕለት ማታ እማሆይ ፍሙን እየዳፈኑ ተረቷን ጀመሩ፤ እኔም እንደ ልማዴ እግሬን ሰበሰብሁ። ሰውዬው ሁለት ጉድጓድ እንዳለው፣ ሁለተኛውን ለማንም እንዳልነገረ አወሩ። እዚያ ላይ ሲደርሱ አመዱን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ከዚህ በፊት ሰምቼ የማላውቀውን ነገር ጨመሩባት።

«ልጆቹም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባታቸው ሲቆፍር አይተውት ነበር። ነገር ግን ቁጡ ስለነበረ ፈሩትና አልጠየቁትም። ጥፋቱ የሱ ነው።»

እማሆይ ነጻነቱን ሳያዩ ሞቱ። እኔ ዛሬም እህል ሲፈስ እደነግጣለሁ፣ የወደቀች ፍሬም ዝም ብዬ አላልፍም። ደሴ አሁን አድጓል፤ ቁና ሲደፋ ግን ዛሬም ቀና ብሎ ያያል፤ የሚያየው እኔን ነው። እኔም ሳልቆጣው አጠገቡ ቁጭ ብዬ አብሬው እለቅማለሁ።