የጋሼ እጅ

ከድሬዳዋ ልንወጣ በዋዜማው ማታ እናታችን የጋሼን ቀኝ እጅ ይዛ ጣቶቹን ልትዘረጋ ሞከረች። እምቢ አሏት። ሥራ ላይ የባቡሩ እንፋሎት ካቃጠለው ወዲህ ጣቶቹ ወደ መዳፉ ተኮራምተው ቀርተዋል። «አንተ ፈረንሳይኛ ትችላለህ። ጂቡቲ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ንገረው» አለችኝ። ታላቅ ወንድሜን ለእኔ ለታናሹ አደራ ሰጠችኝ።

የድሬዳዋን ሙቀት ስናማ ኖረን ጂቡቲ ስንወርድ አፈርን። እዚህ ነፋሱም ያቃጥላል፤ ሻዩም ጨው ጨው ይላል።

ፈረንሳዊው ሐኪም የጋሼን ጠባሳ ቆርጦ ጣቶቹን ዘረጋ። ከዚያ የሆዱን ቆዳ በሦስት ወገን ቆርጦ፣ በአራተኛው ሳይለየው እንደ ክዳን ገልጦ፣ መዳፉ ላይ ሰፋው። ቆዳው እጁ ላይ እስኪይዝ ድረስ ደም የሚያገኘው ከሆዱ ነው። ሦስት ሳምንት እጅና ሆድ ተጣብቀው ይቆያሉ፤ ከዚያ ይለያያሉ።

«እንዳያጎነብስ» አለኝ ሐኪሙ። «ከተቀደደ ይመረቅዛል፤ ሊሞት ይችላል።»

ጋሼ ዓይን ዓይኔን ያያል። እንዳይፈራብኝ ብዬ «ተጠንቀቅ ይላል» አልኩት። ይኸው ነው ያልኩት።

ያከራየን የሐረር ነጋዴ «ምን ሰርቀህ ነው እጅህን ሆድህ ላይ የሰፉት?» ይለዋል።

«የሰረቀው ሆዴ ነው፤ እጄን ዘበኛ አቁመውበት ነው። ኧረ አታስቀኝ፣ ስፌቱ!»

ስቅለት ደረሰ። ሐበሾቹ በአንድ የባቡር ሠራተኛ ግቢ ተሰብስበው ሲሰግዱ ጋሼ ነጠላውን አስተካከለ።

«ሐኪሙ ስግደት ከልክሏል እንዴ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ ይሰማል። የደበቅሁት እንዳይወጣብኝ ፈራሁ። «ተጠንቀቅ ነው ያለው» አልኩ።

«እንግዲያስ ተጠንቅቄ እሰግዳለሁ።»

በግራ እጁ መሬቱን እየተደገፈ ወረደ፣ ተነሣ፣ ወረደ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ ነጠላው ቀላ።

በሳምንቱ በትኩሳት ሞተ። ሐኪሙ «አልነገርከውም?» አለኝ።

«ነግሬዋለሁ፣ ሙሴ።»

«ግትር ሰው ነበር።»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ወንድሜ ግትር አልነበረም። የነገሩትን የሚሰማ ሰው ነበር።

ትናንት የእናታችን ደብዳቤ ደረሰኝ። «እጁ ከተፈታ አንድ መስመር ራሱ ይጻፍልኝ» ብላ አጽፋለች። ፊደል አትቆጥርም፤ የእሱን ጽሕፈት ግን ከሰው ሁሉ ትለያለች። ይህን የምታነቡ የድሬዳዋ ሰዎች፣ እባካችሁ ገና አታንብቡላት። መርዶውን ሽማግሌዎች ያርዷት፤ የደበቅሁትን ግን እኔ ራሴ ልንገራት። ሁለት ጊዜ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ።

አሁን ሌላ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። የእሱን ጽሕፈት መምሰል አያቅተኝም። መጻፍ ያስተማረኝ እሱ ነው።