ጥይት የሚከሽፍበት ከተማ

በኢራቋ ባስራ ከተማ ሙንተሃን በስሟ የሚጠራት የለም። ለሁሉም «ኡም ነጅም»፣ የነጅም እናት ናት። ነጅም ከሞተም በኋላ መጠሪያዋ አልተቀየረም። ብሔራዊ ቡድኑ ያሸነፈ ምሽት ሰፈሩ ሁሉ ደስታውን ወደ ሰማይ ሲተኩስ፣ ልጁ ግቢ ውስጥ ሐብሐብ እየበላ ነበር። የወጣ ጥይት ይወርዳል። የማን እንደሆነ ስላልታወቀ፣ ሽማግሌዎቹ የደም ካሳ የሚያስከፍሉት ሰው አጡ። ለቀብሩም ተኮሱለት።

ሙንተሃ ለሬዲዮ ድራማ ትጽፋለች። ሴት ልጇ ኢብቲሃል ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ በረመዳን የሚተላለፍ፣ ጥይት ሁሉ የሚከሽፍበት ከተማ ታሪክ ጀመረች። ሰፈሩ ወንድ ሲወለድም ይተኩሳል። ሕፃኑ ሳይመጣ ወንዶቹ እንዲያፍሩ ነበር የፈለገችው፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

የሟች ባሏ ወንድም ጃሲብ ድሮ የጦር ሠራዊት መሣሪያ ጠጋኝ ነበር። እሱን አማከረችው።

«ጥይቱን የሚያከሽፈውን ማግኔት ባደርገውስ?»

«ቀለሃው ነሐስ ነው፣ ማግኔት ምን ያደርገዋል!» ብሎ ሳቀ። «እዚህ አገር ጥይት የማያውቅ አለ? መሳቂያ ትሆኛለሽ፣ ኡም ነጅም።»

«እና በምን ይክሸፍ?»

«በእርጥበት። ቂጡ ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ከራሰች፣ ቃታውን ብትስቢው ጠቅ ብሎ ይቀራል።»

ከዚያች ቃል ተነስታ፣ ለድራማዋ በተምር መጋዘን የምትሠራ ሴት ያራባችው ሻጋታ ፈጠረች። ሻጋታው ከባሕር በሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ይበርራል፤ በቀለሃው ስንጥቅ ገብቶ ውሃ ይስባል።

ጃሲብ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «ታሽጎ የተቀመጠውን ጥይት አይነካም በይ። አለዚያ ማንም አያምንሽም።»

«እሽጉን ሲከፍቱትስ?»

«እሱማ ያው ነፋሱ ይገባል።»

«እንግዲያው ሠርግ ያስከፍታቸዋል» አለችና ጻፈችው።

የመጨረሻው ክፍል በተላለፈበት ምሽት፣ ከኢፍጣር በኋላ የሰፈሩ ወንዶች ሬዲዮኑን መንገድ ላይ አውጥተው ከበቡት። በድራማው ሠርግ ላይ የሙሽራው አጎት ቃታ ሳበ፤ ጠቅ። ሌላውም ሳበ፤ ጠቅ። ያን ጊዜ የሴቶቹ እልልታ ብቻውን ተሰማ። የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ሙዛሂም ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። ሙንተሃ ከበሯ ሆና ይህን አየች።

«ኢብቲሃል፣ ነይ ውጪ» አለች። «ገብቷቸዋል። ነይ እዪ።»

ልጅቷ ሆዷን ደግፋ ደጃፉ ላይ ቆመች።

ሐጂ ሙዛሂም ተነሡ። «እንዲህ ያለች ሴት ከሰፈራችን ወጥታ ዝም ይባላል? እናንተ ወንድ አይደላችሁም?» አሉና ክላሻቸውን ሽቅብ ለቀቁት። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሙንተሃ ልጇን ገፍታ ወደ ውስጥ አስገባቻትና ሆዷን ልትከልል ተደፋችባት።

ተኩሱ ጋብ ሲል ጃሲብ ፊቱ በርቶ መጣ። «ሰማሽ? ለአንቺ እኮ ነው! ለፓርላማ ተመራጭ እንኳ እንዲህ አልተተኮሰም። አንዷም አልከሸፈች!»

ወንዶቹ ደጅ ቆመው ይጠብቋታል። ክብር ለሰጠ ሰው መልሱ ምስጋና ነው፤ ምስጋና የነፈገ ከሰፈሩ ጋር ይቀያየማል። ኢብቲሃል ደግሞ ነገ ተነገ ወዲያ ትወልዳለች፤ ጎረቤት ያስፈልጋታል። ሙንተሃ ቀሚሷን አራግፋ ወጣች።

«አላህ ያክብራችሁ» አለቻቸው።

ደስ ብሏቸው ተኩሱን ደገሙት።