ከእናቷ ፈትል የተሰፋው ቆብ

ቆቡን ያገኘሁት ባለፈው ቅዳሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቤቴ፣ የክረምት ልብሶችን ከካርቶን ሳወጣ ነው። ከነጭ ጥጥ የተሰፋ፣ ጆሮን የሚሸፍን፣ አገጭ ሥር በሁለት ቀጫጭን ማሰሪያዎች የሚታሰር የልጃገረድ ቆብ ነው። ክሩ የእጅ ፈትል ስለሆነ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዳንድ ቦታ ይወፍራል፣ አንዳንድ ቦታ ሊበጠስ እስኪደርስ ይሳሳል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የሸተተኝ የብል መድኃኒት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። በዚያች ቅጽበት ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ውኃ በሌለው የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኮራምቼ፣ ይህንኑ ቆብ አፌ ላይ ጫን አድርጌ፣ ትንፋሼ እንዳይሰማ እጠባበቅ ነበር።

በዚያ ዘመን የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ በሚባል ሰፈር፣ ኮሪደሩ ሁልጊዜ የምንጣፍ ሳሙና በሚሸትት አፓርታማ ውስጥ ነበር። ወደዚህ አገር ያመጣችኝ አክስቴ ናት። አባቴን አላውቀውም፤ እናቴ ደብረ ብርሃን ሆና እኔን ለእህቷ በጉዲፈቻ ስትሰጥ ሦስት ወረቀት ላይ ስትፈርም አይቻለሁ። ሦስተኛው ላይ ብዕሩ አልጽፍ ብሏት ነበር። ከመጣሁ በስምንተኛው ወር እናቴ ታመመች። ምን እንደታመመች የሚነግረኝ ሰው አልተገኘም። «ትንሽ አሟት ነው» ይሉኝ ነበር። በየእሑዱ በስልክ ካርድ እንደውልላት ነበር፤ ሁለት እሑድ በተከታታይ ግን ያነሳው ሌላ ሰው ሆነ። «ተኝታለች፣ አሁን አትቀስቅሷት» አለ ድምፁ። በዚያን ሰዓት በእኛ ቀን፣ በእነሱ ደግሞ ገና አመሻሽ ላይ መሆኑን አስልቼ፣ እናቴ በዚህ ሰዓት ተኝታ እንደማታውቅ አሰብኩ። ለማንም አልተናገርኩም።

የትምህርት ቤቱ ሥራ የመጣው በዚሁ መካከል ነው። መምህርታችን ስለ ቨርጂኒያ ስታስተምረን፣ ግዛቲቱ ገና የእንግሊዝ ቅኝ ሳለች የነበሩትን ሹማምንትና ጄኔራሎች ትታ፣ ተራ ነዋሪዎቿን እንድናውቅ ፈለገች። በቅርጫት የተጠቀለሉ ወረቀቶች አመጣችና እያንዳንዳችን አንድ አነሳን። ለአንዷ በወንዙ ላይ ሰው የሚያሻግር ጀልበኛ ደረሳት። ለሌላዋ መጠጥ ቤት የምታስተዳድር መበለት። ከጎኔ ለተቀመጠችው ጥቁር ልጅ ደግሞ የትንባሆ በርሜል እያንከባለለ ወደ መርከብ የሚያደርስ፣ የሌላ ሰው ንብረት ስለነበረ ከግማሽ ስም በቀር ያልተጻፈለት ሰው ደረሳት፤ ደጋግማ አነበበችው፣ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅም ቀና አላለችም።

የእኔ ወረቀት ላይ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ፣ እናቷ በንዳድ ሞታ፣ የደብሩ ሹማምንት ለአንድ ጨርቅ ሠሪ ቤተሰብ በውል ሰጥተዋታል። ዐሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ታገለግላቸዋለች፤ እነሱም ምግብና ልብስ ይሰጧታል፣ ማንበብና መፍተል ያስተምሯታል። ከዚያ ወዲያ ስለ እሷ የተጻፈ ነገር የለም። ዕጣ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ እንኳ፣ በወረቀት ተላልፋ የተሰጠችውን ልጅ መምህርቷ አውቃ ለእኔ የሰጠችኝ መሰለኝ፤ ፊቴ ጋለ።

እያንዳንዳችን የደረሰንን ሰው ሆነን፣ የዘመኑን ልብስ ለብሰን፣ በወላጆች ፊት «እኔ» እያልን መናገር ነበረብን።

ልብሴን የሰፋችልኝ አክስቴ ናት። ሳሎን መሐል ወንበር ላይ አቁማኝ የቀሚሱን ጠርዝ ስትለካ፣ ከእኛ በላይ ባለው ቤት የምትኖረው ጎረቤታችን እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገባች። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት የምትሠራ፣ ከሥራ መልስ ለነርስነት ፈተና የምታጠና፣ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ደረጃውን የምትወርድ ሳቂታ ሴት ነበረች። አክስቴና እሷ ከእህትማማች አይለዩም ነበር።

«እስቲ በይው፣ እንስማሽ» አለችኝ ሶፋው ላይ እየተዘረጋች።

በእንግሊዝኛ አልኩት። አክስቴ አራት መርፌ ከንፈሮቿ መካከል እንደያዘች፣ «የመጨረሻው ምንድን ነው ያልሽው? በአማርኛ በይልኝ» አለች።

«እናቴ በንዳድ ሞተች። የነገሩኝ ከቀበሯት በኋላ ነው።»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች። «ወግጂ! እናትሽ ታማ ተኝታ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍሽ ይወጣል? አታሟርቺ! ነገ ቲቸርሽን ኮል አደርጋታለሁ፤ ሌላ ሰው ትስጥሽ።»

«ተያት እንጂ፣ ሆምወርክ እኮ ነው» አለች ጎረቤታችን። ከዚያም ፊቴን አይታ ይሆናል፣ ተነሥታ አገጬን ያዘችኝ። «ከፈራሽ በእኔ እናት አድርጊው። እሷን ምንም አይነካት። ሞት ስንቴ ደጇ መጥቶ ‹ገበያ ወጥታለች› ብላ መልሳዋለች መሰለሽ? ያውም በራሷ አፍ!»

ሳቅኩ። እሷም በራሷ ቀልድ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አክስቴ ግን አልሳቀችም። መቀሱን ወለሉ ላይ ጣለችው፤ አልወደቀባትም፣ ጣለችው። «እስቲ ዝም በይ አንቺ ደግሞ!» ብላ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ይሰማን ነበር።

«ምን ሆነች?» አልኩ።

«ደብል ሺፍት ሠርታ ነው የገባችው፤ ደክሟት ነው» አለች ጎረቤታችን። በእኔ የተቆጣች መስሎኝ ከወንበሩ ሳልወርድ ቆየሁ። ጎረቤታችን ወደ ቤቷ ወጥታ ከነጠላ የተረፈ ቁራጭ ይዛ ተመለሰች፤ ወልድያ ያሉት እናቷ ፈትለው ያሸመኑላት ነበር። «የዚያን ጊዜ ሰው ከሞል ይገዛ ነበር እንዴ? ቆብሽማ የእጅ ፈትል ነው መሆን ያለበት» አለች፤ እዚያው ተቀምጣ ቆረጠችው፣ ሰፋችውም።

ዝግጅቱ የቀረበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በወንዙ ዳር፣ አሌክሳንድሪያ አሮጌው ከተማ ውስጥ ባለ የጡብ ቤት ነው። ወለሉ በተራመድን ቁጥር ያቃስት ነበር፤ ክፍሉ ሰምና እርጥብ ሱፍ ይሸታል፤ በትንንሾቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን የሻይ ቀለም ነበረው። አክስቴና ጎረቤታችን ከኋላ ቆመው ነበር። ተራዬ ደርሶ ያን ዓረፍተ ነገር ከመናገሬ በፊት ያደረግሁትን በትክክል አስታውሳለሁ። የእናቴን ፊት ከሐሳቤ አወጣሁ። በምትኩ በጎረቤታችን ቴሌቪዥን ላይ ፎቶግራፋቸው የተቀመጠውን፣ እንዝርት የያዙትን አሮጊት አስገባሁ። ከዚያ «እናቴ ሞተች» አልኩ። ማንም ያልሰማውን ልውውጥ በልቤ ፈጸምኩ፤ ጎረቤታችን ከኋላ ጮክ ብላ አጨበጨበችልኝ።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቼ ነቃሁ። በር ሲዘጋ መስማት አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያነቃኝ ቀስ ብሎ መዘጋቱ ነው። በመስኮት አየሁ። ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ አራት መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ቆመዋል፤ የማውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይወርዳሉ፤ ማንም ማንንም አይስምም፣ ሰላም አይልም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ፊታቸው አድርገው ለብሰዋል።

ይህን አውቀዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። የሞት ወሬ ለባለቤቱ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ አዝማድ ሰምቶ ይደብቃል፤ ሰው እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፤ ከዚያም ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ በማለዳ መጥተው ያረዱታል። ሰዎቹ ወደ እኛ ሕንፃ ገቡ። ደረጃው ላይ እግራቸው ይሰማ ነበር። የእኛው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ አክስቴ ሳይንኳኳ ከፈተች። የካፖርቶቻቸው ቅዝቃዜ ከነሽታው እስከ መኝታ ክፍሌ መጣ።

«ተነሥታለች?» አለ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ።

«አልተነሣችም፤ መብራቷ አልበራም» አለች አክስቴ።

መብራቴ አልበራም ነበር። ከአልጋዬ ራስጌ ቆቡን አንሥቼ፣ በባዶ እግሬ በጨለማው ኮሪደር አልፌ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፤ ቆለፍኩ፤ ገንዳው ውስጥ ተቀምጬ መጋረጃውን ሳብኩት። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አእምሮ የራሱ ሕግ አለው፦ እስካላገኙኝ ድረስ አይነግሩኝም፤ እስካልነገሩኝ ድረስ እናቴ አልሞተችም። ቆቡን አፌ ላይ ጫንኩት። አልጽፍ ያላትን ብዕር እያራገፈች ስትፈርም የነበረውን እጇን አየሁ። ልውውጡ አልያዘም አልኩ። የለወጥኩት በልቤ ነው እንጂ በቃሌ አልነበረም፤ ቃሉ ደግሞ «እናቴ» ነበር።

ከሳሎን ብዙ እግር ተነሣ። ወደ እኔ መጣ። በሩ አጠገብ ደረሰ፤ ጥላቸው በበሩ ሥር አለፈ። ሄደ። የውጭው በር ተከፈተ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ከላይ ነው። እግሮቹ ደረጃውን ወጡ፤ ጣሪያዬ ላይ ደረሱ፤ በር ተንኳኳ። ከዚያ በአየር ማስወጫው ቀዳዳ፣ ከዚያ በፊት ሳቋ ብቻ ይወርድበት በነበረው ቀዳዳ፣ ጩኸቷ ወረደ።

«እማዬ! እማዬን!»

ደስ አለኝ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጉልበቴን አቅፌ፣ የእኔ አይደለችም፣ የእኔ አይደለችም አልኩ። ልውውጡ መያዙን ያስተዋልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፍርሃት ከዚያ በፊት የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ሁለት ቀን አልወጣሁም። ሆዴን አመመኝ አልኩ፤ እውነትም አመመኝ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ እጄን ይዛ ወደ ላይኛው ቤት አወጣችኝ። ጎረቤታችን ወለሉ ላይ በተዘረጋ ፍራሽ ተቀምጣለች፤ ድምፅዋ ጠፍቷል፤ ፎቶግራፉ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ሰው ሁሉ ባለበት ከፊቷ ተንበረከክሁ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «ሐሙስ ዕለት በልቤ በእርስዎ እናት አድርጌው ነው የተናገርኩት።»

መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፤ እሷ ግን በሁለት እጇ ያዘችኝ።

«ሐሙስ?» አለች በተዘጋ ድምፅዋ። «የእኔ ቆንጆ፣ እናቴ እኮ ከተቀበረች ወር ሊሞላት ነው። ፈተናዬ ዓርብ ስለነበረ ነው የደበቁኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አክስቴን አየቻት። «ያን ቀን ‹ገበያ ወጥታለች› ብዬ ስስቅ ታውቂ ነበር።»

አክስቴ በሩ ላይ እንደቆመች ነጠላዋን በጥርሷ ነከሰች። «ምን ላድርግሽ?» አለች። «ፈተናሽ ነበር።»

ቆቡን ከኪሴ አውጥቼ መለስኩላት። ተቀብላ በአውራ ጣቷ ስትዳብሰው ቆየችና አንድ ወፍራም ቦታ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ እያንጎላጀች ነበር» አለች። «ማታ ማታ ስትፈትል እንዲህ ነች።» ከዚያ ራሴ ላይ አጠለቀችልኝና ማሰሪያውን አገጬ ሥር፣ ጠበቅ ሳታደርግ፣ አሰረችው።

የእኔ እናት ከሕመሟ ተነሣች። የተኛችው በቀዶ ጥገና ምክንያት ነበር፤ እሱንም ደብቀውኝ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ አደግሁ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ታሪክ አጠናሁ፤ በሥራዬም የዚያችን ልጅ የውል ወረቀት ዋናውን አግኝቼ በእጄ ይዤዋለሁ። የሹማምንቱ ፊርማ አለ፤ የምትሰጥበት ቤት አለ፤ የሚገባት ልብስ ሳይቀር ተዘርዝሯል። የእናቷን ሞት ማን እንደነገራት፣ እንዴትስ እንደነገራት ግን አልተጻፈም። በምሽት ይሁን በጠዋት፣ ቆማ ይሁን ተቀምጣ፣ አላውቅም።

የእኔን አውቃለሁ። ከአራት ዓመት በፊት፣ በአንድ የኅዳር ማለዳ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ በሬ ተንኳኳ። በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ ሴት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ የሌሎቹን ሰዎች ክንድ ወደ ኋላ ገፍታ ከፊት ቆማለች። ከአሌክሳንድሪያ ድረስ ወንዙን ተሻግራ ነው የመጣችው። እጄን መቆለፊያው ላይ አድርጌ ማዞር አቃተኝ።

ደግማ አላንኳኳችም። ከኋላዋ አንድ ሰው ሊያንኳኳ ሲል «ተዋት» ስትል ሰማሁ። ከዚያ ጉልበቷን እያመማት ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ሌሎቹንም አስቀመጠቻቸው።

«እዚሁ ነኝ፣ የእኔ ቆንጆ» አለች በበሩ በኩል። «ሲመችሽ ትከፍቺልኛለሽ።»

ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። በሩ እስኪከፈት ድረስ እናቴ በሕይወት ነበረች፤ እሷም ዝም ብላ ተቀምጣ ጠበቀችልኝ።