ወናፍ ያላት መኪና

ጋሼ ሀብተ ወልድ መኪና የሚያክሙት በአፍንጫቸው ነበር። ጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው ጋ ጎንበስ ብለው ጭሱን ሳብ ያደርጉና «ዘይት ትበላለች» ወይም «ቤንዚን በዝቶባታል» ይላሉ። ሞተሩ ሲፈታ ያሉት ይሆናል።

ጋራዣቸው ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ፣ ከእኔ ጎማ መጠገኛ ጋር አጥር በሚጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ጋራዥ ልበለው እንጂ አራት ምሰሶ፣ ቆርቆሮ ጣራና አንድ ጉድጓድ ነው። ሥራውን የተማሩት ጣሊያን ጋራዥ መሣሪያ ሲያቀብሉ ነው ይላሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚያድሩትም እዚያው ጥግ ላይ ነበር። ስለዚህ ግቢው እንጀራቸውም ቤታቸውም ነው ማለት ነው።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በሰፈራችን የማውቀው መካኒክ ሁሉ ያደርገዋል። አዲስ መኪና ከአሰብ ወደብ ሲመጣ መጀመሪያ ካርቡራቶሩን ይከፍታሉ። ውስጡ ቤንዚን የምታሳልፍ፣ መሀሏ የተበሳ ትንሽ የነሐስ ብሎን አለች። እሷን ያወጡና ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ ሌላ ይከቱበታል።

«እኛ ደጋ ነን፤ አየሩ ስስ ነው» ይሉኛል። «አየር ካነሰ ቤንዚኑም ይነስ። አለዚያ ጥቁር ጭስ ነው።»

የወጣችውን ብሎን ግድግዳው ላይ ወዳለች የወተት ጣሳ ይወረውሯታል። ጣሳዋ ሞልታ ነበር።

ታዲያ ግቢውን ሐጂ ባህረዲን ገዙት። የአቡጀዲ ነጋዴ ናቸው። ክፉ ልላቸው አልችልም፤ ግን መጋዘን ይፈልጋሉ። በዚያው ሰሞን አንዲት አሜሪካ ሠራሽ መኪና አስመጡና ለጋሼ ሰጧቸው። ኮፈኗ ሲከፈት፣ ከሞተሯ አጠገብ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ የሚዞር፣ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ብረት አለ። አየር እየነፋ ወደ ሞተሩ የሚከት ነው አሉ። ጋሼ እንዲህ ያለ አይተው አያውቁም።

«ይሄማ የአንጥረኛ ወናፍ ነው!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ እንደ ልማዳቸው ብሎኗን አወጡ፣ ጠባቧን ከተቱ። የወጣችው ጣሳዋ ውስጥ ገባች።

መኪናዋ ሜዳ ላይ እንዴት ያለች ነበረች መሰላችሁ! ዳገት ላይ ግን ጉድ አመጣች። በካርቡራቶሩ በኩል ታስነጥሳለች፣ ትግላለች፣ ጉልበት ታጣለች። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎቿን ቢፈቱ እንደ ኖራ ነጭ ናቸው።

«ነጭ ካንዴላ ረሀብ ነው» አሉኝ። «አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷታል። ግን በየት በኩል?»

ሐጂ መጥተው ቆሙ። «ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ለአረፋ እናቴን ይዤ አገር ቤት እገባባታለሁ። ካዳኑልኝ ጋራዡ አይነካም፤ የጭነት መኪኖቼንም እዚሁ አመጣለሁ። ካልሆነ ግን መጋዘኑን መሥራቴ ነው። አይቀየሙኝ።»

ጋሼ አየር የሚሾልክበት ቦታ ፈለጉ። የጎማ ቱቦውን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀብተው አዩት። የቤንዚን ፖምፓውን ፈቱ፣ የቤንዚን ጋኑን አጠቡ። ምንም የለም። ደላላው ኑሪ በበሩ ሲያልፍ አይምርም።

«ጋሼ፣ ይቺስ ጠበል ነው የሚያሻት! ተክለ ሃይማኖት ይውሰዷት።»

«ቅድሚያ አንተን ነው መውሰድ፤ ምላስህ ይታሰርልኝ!»

ለኑሪ መለሱለት እንጂ ምግብ ትተው ነበር። እኔ የጎማ ሰው ነኝ፤ ምን አውቃለሁ? «አይዞዎት ጋሼ» እላለሁ።

ለአረፋ ሦስት ቀን ሲቀር እንጦጦ ዳገት ላይ እንሞክራት ተባለ። ጋሼ ያዟት፤ ሐጂ ከጎን፣ እኔ ከኋላ። መውጣት ስንጀምር አስነጠሰች። ቀጥሎ ውስጧ ጠጠር የሚቆላ መሰለ።

«ሐጂ፣ ብንመለስ ይሻላል» አሉ ጋሼ።

«ይቺን ኩርባ ብቻ። እናቴን ይዤ መንገድ ላይ ከምትቆም አሁን ትታይልኝ።»

ጋሼ ቤንዚን ሰጧት። ጧ! አለችና ሰማያዊ ጭስ ሸፈነን። አዙረን ቁልቁለቱን ለቀቅናት፤ ከታች ኩሊዎች እየገፉ አስገቧት።

የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታታው ሲነሳ አንዱ ፒስቶን እንደ ሻማ ቀልጦ ተበስቷል። ጋሼ ቀዳዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ያንን ወናፍ ትኩር ብለው ያዩት ጀመር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ወናፉ እኮ አየሩን ይሞላዋል» አሉ ቀስ ብለው። «እሷ ደጋ መውጣቷን አታውቅም። እኔ ነኝ ጠባቧን ከትቼ ያስራብኳት።»

ተነሥተው ጣሳዋን ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ገለበጧት። ነሐሱ ተበተነ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። አንዷን አንሥተው ወደ ፀሐይ ያያሉ፣ በአፋቸው እፍ ይላሉ፣ ያስቀምጣሉ። ሌላዋን ያነሣሉ።

«የቷ ናት? አንተ፣ ዓይንህ ደህና ነው፤ የቷ ናት?»

እኔም ተንበርክኬ ፈለግሁ። ብትገኝስ? ለእሷ የሚሆን ፒስቶን በአገሩ የለም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። ቢሆንም ፈለግን።

ሐጂ ከበላያችን ቆመው ኖሯል። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏቸው ጋሼ፣ ቀና ሳይሉ።

«አላህ ያላለው አይሆንም» አሉ ሐጂ። ቆይተው ደግሞ «ስለ ግቢው ግን ተናግሬያለሁ» አሉና ወጡ። በማግስቱ እናታቸውን ይዘው በአውቶቡስ ሄዱ።

መጋዘኑ ተሠራ። ጋሼ ፍራሻቸውንና ጣሳዋን ይዘው ወደ እኔ መጡ። ጎማ ያቀብሉኛል። ጣሳዋን ልጣልልዎት ብላቸው እንቢ አሉ። ከአሰብ የመጣ መኪና ጎማ ሊያስጠግን ሲቆም ኮፈኑ ላይ እጃቸውን ያደርጉና ሾፌሩን ይጠይቃሉ።

«ወናፍ አላት?»

«የምን ወናፍ አባባ?» ይስቃል ሾፌሩ።

«እንግዲያ ደህና» ብለው ይቀመጣሉ።

እስካሁን ወናፍ ያላት አልመጣችም። ብትመጣ ምን እንደሚያደርጉ አልጠየቅኋቸውም።