አንድ ትልቅ ፓርዖሽ

ከዳባት ልንወጣ በዋዜማው ምሽት እኔና አባባ የተጣላነው በአጎዛ ነው። አገር እየለቀቅን፣ ስንት የሚያስለቅስ ነገር እያለ፣ በበግ ቆዳ! አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ደጅ የሚወጡት ውሻችን መከታ እየመራቸው ነው። «መከታ ካልሄደ አልሄድም» ብለው፣ እስራኤል ያለችው እህቴ የውሻውንም ፈቃድ ተሯሩጣ አስጨረሰች። የጎንደሩ የእንስሳት ሐኪም ከትቦት፣ ማጅራቱ ላይ የቁንጫ መድኃኒት ጠብ አድርጎ፣ «የሚተኛበትን ነገር ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ የቁንጫው እንቁላል ያለው እዚያ ነው። ስትደርሱ ቁንጫ ቢያገኙበት አያስገቡላችሁም» ብሎኛል። መከታ የሚተኛው ደግሞ የአባባ አጎዛ ላይ!

«ሠላሳ ዓመት የተኛሁበትን?» አሉ አባባ።

«ቁንጫውም አብሮዎት ሠላሳ ዓመት ተኝቷል!»

የገላገሉን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ናቸው። እሳቸው ክርስቲያን፣ እኛ ቤተ እስራኤል፤ በክፉ ተያይተን ግን አናውቅም። ፈረሳችንን ዳማንም በአደራ የተቀበሉን እሳቸው ናቸው። «አያ ታከለ፣ አጎዛውን ለኔ ይተዉልኝ፤ ፀሐይ እያሰጣሁ አቆይልዎታለሁ» አሉና በእንዶድ ያጠቡትን የራሳቸውን ጋቢ ለመከታ አነጠፉለት። ጋቢ ለውሻ! ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ጎንደር ባረፍንበት ግቢ አባባ የሰፈሩ ውሾች መከታን እንዳይጠጉት በከዘራ ሲጠብቁት ሰነበቱ። እኔ ደግሞ ጧት ጧት በቅማል ማበጠሪያ ጸጉሩን ነጭ ጨርቅ ላይ አበጥራለሁ። ጥቁር ነገር ከወደቀ ውኃ ጠብ አደርግበታለሁ፤ ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው ተብያለኋ። ለራሴ ጸጉር እንኳ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅም።

እስራኤል ደረስን። ሙቀቱ አዲ አርቃይ የወረድን አስመሰለኝ። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች መርማሪ መከታ የተጫነበትን ሳጥን ከፈተች፣ ወደ አባባም ዞር ብላ፣ «የሽ ሎ ፓርዖሺም?» አለችኝ። «የሽ ሎ» «አለው ወይ» ማለት ነው፤ ጎንደር ዕብራይስጥ ተምሬ የለ! ፓርዖሺም ያለችው ግን ፈረስ መሰለኝ። ሽማግሌው ፈረስ አላቸው ወይ ማለቷ ነው ብዬ፣ ለካስ ገበሬ ያከብራሉ ብዬ ደስ አለኝ።

«ኬን፣ ኬን!» አልኳት፣ አዎ ማለቴ ነው። «ኤሓድ። ጋዶል!» አንድ፣ ትልቅ። እጄን ከትከሻዬ በላይ አንስቼ ቁመቱን አሳየኋት።

የሴትዮዋ ፊት ተለዋወጠ። ጓንት አጠለቀች፣ ሳጥኑን ዘጋች፣ ስልክ አነሳች። አባባ የመከታን ለቅሶ ሲሰሙ ወለሉ ላይ ዘፍ አሉ። «እሱን ከመለሱት እኔንም ይመልሱኝ» አሉ።

ከኋላችን የተሰለፈች የጎንደር ልጅ ሳቋ እያመለጣት፣ «እህቴ፣ ፓርዖሽ እኮ ቁንጫ ነው! ከትከሻዬ የሚበልጥ ቁንጫ አለን እያልሻት ነው» አለችኝ።

ኧረ የኔ ጉድ! ልጅቱ አስረዳችልን። መርማሪዋ መከታን ከጆሮው እስከ ጅራቱ አበጠረችው፣ ጋቢውን ገልብጣ አየች። አንድም የለም! ያኔ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አባባን ደግፋ አስነሣቻቸውና የመከታን ገመድ አስያዘቻቸው። እግዚአብሔር ይስጣት፣ ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ቁንጫ እዚህም ሞልቷል፤ የመከታን ጠብታ በየወሩ አልረሳም። እሱም ጧት ጧት አባባን መናፈሻ ይዟቸው ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ በስሙ ይጠራዋል። ተመስገን ነው። አባባ ብቻ ፍራሹ ለሰለሰብኝ ይላሉ።

ትናንት እትዬ ዘውዴ ጋ ደወልን። «አጎዛው ደህና ነው፣ ዛሬም አስጥቼዋለሁ» አሉ። አባባ ስልኩን ከእጄ ተቀበሉና፣ «እስቲ ዳማን አቅርቢልኝ» አሉ። ትንሽ ቆይቶ የፈረሱ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ተሰማ። መከታ ከጋቢው ብድግ አለ፣ ሄዶ በሩን ይቧጥጥ ጀመር። አባባም ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ ከዘራቸውን ዳበሱና፣ «ቆይ፣ መጣን» አሉት ፈረሱን።