አጎቴ የሚጠረጥሩት ስምምነት

አጎቴ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሻን ነበሩ፤ ኤሌክትሮን የሚባል ቅንጣት ግን የለም፣ ያለው የሚሽከረከር ኃይል ብቻ ነው ይሉ ነበር። ፊዚክስ ስለማስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ ካፌ ቀጥረውኝ ደብተራቸውን ዘርግተው ይሞግቱኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሳልከራከር «ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው በጥርጣሬ አዩኝ።

«ሐኪሙ ምን አለሽ?»

«ምንም አላለኝ።»

«እንግዲያው ስህተቴን አሳዪኝ።»

ሐኪማቸው ብዙ እንደማይቆዩ የነገረኝ በዚያው ሳምንት ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን ስህተት አሳየኋቸው። ፊታቸው ፈካ፤ ማኪያቷቸው እስኪበርድ ተከራከሩኝ።

ካረፉ ወዲህ ቅዳሜን ቤቴ ነው የምውለው። ከሰው ጋር ስስማማ፣ ለምን እንደተስማማሁ የሚጠረጥር የለም።